የተተከለ ጥርስ ከዓመታት በኋላ

ቲታኒየም የተባለው ብረት ከመንጋጋ አጥንት ጋር በቀጥታ ይዋሃዳል። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በዚህ ጠባዩ ተጠቅሞ በ1965 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የቲታኒየም የጥርስ ሥር ተከለ፤ ታካሚውም ከ40 ዓመት በላይ ተጠቀመበት። ዛሬ ከሚተከሉት 95 በመቶ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላም በቦታቸው ይገኛሉ። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚቆጥረው ያልወለቁትን ብቻ ነው፤ ካልወለቁትም ውስጥ ሰው ሠራሹን ጥርስ የሚያስረው ብሎናቸው የላላ፣ ፖርሴሊናቸው (ሸክላ መሰል ሽፋናቸው) የተሸረፈ፣ ዙሪያቸው የሚደማ ብዙ ናቸው።

ክራውኑ (አጥንት ውስጥ በገባው ተከላ ላይ የሚገጠመው ሰው ሠራሽ ጥርስ) ሲነቃነቅ ታካሚው ጥርሱ ሊወልቅ ነው ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ የላላው ብሎኑ ነው። ብሎኑ እንደየሥሪቱ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 35 ኒውተን ሴንቲሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይጠብቃል። ሸካራው የብረት ገጽ ሲደላደል ጥብቀቱ ስለሚቀንስ፣ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በዚያው መጠን ዳግም ማጥበቅ ያስፈልጋል። በላላ ብሎን ላይ ማኘክ ብሎኑን ይሰብራል፤ ተሰብሮ የቀረ ብሎን ማውጣት ደግሞ እጅግ አድካሚ ነው።

ክራውኑ በሲሚንቶ (በጥርስ ማጣበቂያ) ከተለጠፈ ከድድ ሥር የሚቀር ትርፍ ማጣበቂያ ያሰጋል፤ ጠርዙ ከድድ በታች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከጠለቀ አጽድቶ ማውጣት ይከብዳል። ስለዚህ የተከላው አቅጣጫ ከፈቀደ በብሎን የሚታሰር ይመረጣል።

ከሁሉም የከፋው በተከላው ዙሪያ የሚነሳው ብግነት ነው። በተፈጥሮ ጥርስ ላይ የድድ ቃጫ መሰል ክሮች ሥሩ ውስጥ ገብተው ይያዛሉ፤ በቲታኒየም ላይ ግን አጠገቡ ያልፋሉ እንጂ አይጣበቁም። ብግነቱ ወደ አጥንት በቶሎ የሚወርደው አንድም በዚህ ነው። ስለማያምም ሰው ዘግይቶ ይመጣል። አጫሾች፣ ቀድሞ ድዳቸው የታመመ፣ ስኳራቸው ያልተስተካከለ እና ክትትል ያቋረጡ ሰዎች ይበልጥ ይጠቃሉ።

ተከላው ከተፈጥሮ ጥርስ በተለየ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ጎረቤቶቹ ግን በዕድሜ ይሸሻሉ። በመካከል በሚፈጠረው ክፍተት ምግብ ይሰገሰጋል፣ ክራውኑንም ማስተካከል ግድ ይሆናል። በወጣትነት የተተከለ ከሆነ፣ ሌሎቹ ሲወጡ እሱ የሰመጠ ይመስላል።

ክራውኑ በተገጠመበት ቀን የተነሳው ራጅ መቀመጥ አለበት። በኋላ የሚነሳው ከእሱ ጋር ካልተነጻጸረ የአጥንቱ መቀነስ አዲስ ይሁን የቆየ አይለይም። በክትትል ጊዜ በተከላው ዙሪያ ያለው የድድ ጥልቀት በቀላል እጅ ይለካል፤ ደም፣ መግል ወይም የጨመረ ጥልቀት ከታየ ራጅ ይነሳል። ለተጋላጮች ክትትሉ በየ3 ወሩ፣ ለሌሎች በየ6 ወሩ ይደረጋል።