«እባብ ያየ በልጥ በረየ»፦ አባባሉና የጭንቀት ሕመም

ልጥ ከዛፍ ተልጦ ለማሰሪያ የሚውል ቅርፊት ነው። ገጠር ውስጥ አጥር ይታሰርበታል፣ እንጨት ይጠፈርበታል። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ መሬት ላይ ወድቆ ድንገት ሲያዩት እባብ ይመስላል። እባብ አንዴ ያስደነገጠው ሰው ልጡን ሲያይም ይበረግጋል። አባባሉ በአንድ ነገር ተጎድቶ እሱን የሚመስለውን ሁሉ ለሚሸሽ ሰው ይነገራል።

ለሐኪም ደግሞ ከዚህም በላይ ይናገራል። አሜሪካዊው የነርቭ ሳይንቲስት ጆሴፍ ለዱ በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት አስፈሪ ድምፅ ወደ አሚግዳላ (ፍርሃትን ወደሚያስነሣው የአንጎል ክፍል) በሁለት መንገድ እንደሚደርስ አሳይቷል። አንዱ ከታላመስ (የስሜት ሕዋሳትን መልእክት ከሚያስተላልፈው የአንጎል ክፍል) በቀጥታ የሚሄድ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን አያጣራም። ሌላው በኮርቴክስ (በአንጎል የላይኛው ሽፋን) በኩል ዞሮ ይመጣል፤ ዘግየት ይላል፣ ግን ይለያል። ሰውነት አስቀድሞ ይዘላል፣ «ለካ ልጥ ነው» የሚለው በኋላ ይመጣል።

አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም (ስለ ብዙ ነገር ለረጅም ጊዜ የሚያስጨንቅ ሕመም) ያለባቸው ሰዎችስ? ተመራማሪው ሽሙኤል ሊሴክና ባልደረቦቹ መጠናቸው የተለያየ ክቦችን አሳይተው፣ ከአንደኛው ጋር ብቻ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት አያያዙ። እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ውጤት ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ፍርሃት ከጤነኞቹ ይልቅ ወደ ተመሳሳዮቹ ክቦችም ተዛምቷል። በአንጎል ምስል ጥናትም አደጋውን ከደህናው የሚለየው የፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ (በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ሽፋን) የታችኛው መካከለኛ ክፍል ልዩነቱን በደንብ ሲያሳይ አልታየም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም።

አባባሉ የማይደርስበት ቦታም እዚህ ጋ ነው። የሚያወራው እባብ ስላየ ሰው ነው። አጠቃላይ ጭንቀት ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ምንም እባብ አላየም። የሚያስጨንቀው ገና ያልመጣው ነው፦ የልጁ ትምህርት፣ የቤት ኪራይ፣ የእናቱ ጤና። መቼ እንደሚመጣ ያልታወቀን አደጋ በመጠበቅ ላይ ቢኤንኤስቲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሚግዳላ ጎረቤት የሆነ የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻ አለው፤ የሁለቱ ሥራ ግን ጥርት ብሎ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ «ምን ደርሶብዎት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሕመሙን ሊያስመልጠን ይችላል። ታካሚው «ምንም» ይላል፤ ምንም አልደረሰበትማ! ደግሞ ብዙዎች «ጨጓራዬ»፣ «ትከሻዬ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» እያሉ ነው የሚመጡት። «ሐሳብ ይበዛብዎታል? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ለምርመራው ጭንቀቱ ቢያንስ 6 ወር፣ በአብዛኞቹ ቀናት መኖር አለበት።

ሕክምናውም ከዚሁ የአንጎል የፍርሃት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ዲያዜፓምና ዘመዶቹ የሆኑት ማረጋጊያ መድኃኒቶች ጋባ የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የማረጋጋት ሥራ ስለሚያጠናክሩ ቶሎ ያሳርፋሉ፤ ሲቆዩ ግን ሱስ ያስይዛሉ። እንደ ኤሲታሎፕራም ያሉት፣ ሴሮቶኒን በተባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሠሩት መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም መቁነጥነጥ ሊጨምሩ ይችላሉ። ታካሚው ይህን መድኃኒቱ በታዘዘለት ዕለት ሊነገረው ይገባል፤ አለዚያ በሳምንቱ ይተወዋል።