ቁጭ ብሎ ዕቃ መጠበቅ? ስለ ትንሽ ሙዚየም ሠራተኞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የማኅበረሰብ ሙዚየም ሲባል ዕብነ በረድ የለበሰ ትልቅ አዳራሽ አታስቡ። ሁለት ሦስት ክፍል፣ ጥቂት ሥዕሎች፣ የአካባቢው ሰው ያመጣቸው ፎቶዎችና ዕቃዎች፣ ከኋላ አንድ መጋዘን። እዚያ የሚሠራ ሰው ሥራውን በተናገረ ቁጥር የሚሰማው ያው ነው፦ «ታድለህ! ቁጭ ብለህ ደሞዝ!» እስቲ የሚባለውን እንየው።

«ሥራቸው በር መክፈትና ትኬት መቁረጥ ነው»

በትልልቅ ሙዚየሞች መዝጋቢው፣ ኩሬተሩ (ስብስቡን የሚያጠናውና ለዕይታ የሚመርጠው)፣ የጥገና ባለሙያውና አስጎብኚው የየራሳቸው ጠረጴዛ አላቸው። እዚህ ግን ሁሉም አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ጠዋት ተማሪዎችን ያስጎበኘችው ሴት ከሰዓት የድጋፍ ማመልከቻ ትጽፋለች። በመሀል መጋዘን ገብታ የነፍሳት ማጥመጃውን ታያለች። ብል ከተገኘ የሱፍ ልብሱ በፕላስቲክ ታሽጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት። አዎ፣ ልብስ ፍሪዘር ውስጥ። መርዝ ከመርጨት ይህ ለጨርቁም ለሰውም ይሻላል።

«ዕቃዬን ተቀብለው መጋዘን ውስጥ ጣሉት»

የአያቱን ልብስ ሰጥቶ በሳምንቱ መስታወት ውስጥ አገኘዋለሁ ብሎ የመጣ ሰው ቢከፋው አይፈረድበትም። ግን የሙዚየም ስብስብ አብዛኛው ሁልጊዜም ያለው መጋዘን ነው። አንዱ ምክንያት ቦታ ነው። ሌላው ደግሞ ብርሃን። ብርሃን ጨርቅን፣ የውሃ ቀለም ሥዕልንና የቆየ ፎቶን ያደበዝዛል። ጉዳቱ ይጠራቀማል እንጂ ጨለማ ውስጥ ስላረፈ አይሽርም። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ነገሮች 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ ይበራላቸዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ይወርዳሉ። ክፍሉ የደበዘዘው መብራት ለመቆጠብ አይደለም። («አምፖሉ ተቃጥሏል እንዴ?» የሚል ጎብኚ ግን በየሳምንቱ አይጠፋም።)

«አሮጌ ከሆነ ይቀበሉታል»

አይቀበሉም። ሁለት የስፌት መኪና ያለው ሙዚየም ሦስተኛውን ተመሳሳይ መኪና ምን ያደርገዋል? መቀበል ማለት ቦታ መስጠት፣ መንከባከብና ለዕድሜ ልክ ተጠያቂ መሆን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጨቃጭቅ ነገር አለ፦ ወረቀቱ። ስጦታ ሲሰጥ ባለቤትነቱን ወደ ሙዚየሙ የሚያዛውር ሰነድ ይፈረማል። ብዙ ሰው «አላመኑኝም» ብሎ ይቀየማል። እኔ ግን ከሠራተኛው ጋር ነኝ። አደራና ስጦታ ይለያያሉ። በቃል ብቻ የገባን ዕቃ ከ20 ዓመት በኋላ ልጆች መጥተው «የእናታችን ነው፣ በአደራ ነው የተሰጣችሁ» ቢሉ ማን ይመሰክራል? የተቀበለው ሠራተኛ እንኳ ያኔ ላይኖር ይችላል።

«ቁጥር መለጠፍ ምን ሥራ አለው?»

ለእኔ ዋናው ሥራ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 2015.4.12። በ2015 የገባ፣ የዚያ ዓመት 4ኛ ስጦታ፣ ከውስጡ 12ኛው ዕቃ ማለት ነው። ዕቃውን መዝገብ ላይ ካለው ታሪክ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው፤ የማን ነበር፣ ማን ሠራው፣ ለምን ሳይጣል ቆየ። ቁጥሩ የጠፋ የኪስ ሰዓት የማንም የኪስ ሰዓት ነው።

ደግሞም አይለጠፍም። ለጨርቅ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ በእጅ ይሰፋል። ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፋል። ብረትና ሸክላ ላይ መጀመሪያ በኋላ ሊነሳ የሚችል ስስ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ቁጥሩ ከዚያ በላይ ነው የሚሰፍረው።

«ሁልጊዜ ነጭ ጓንት ያደርጋሉ»

በፊልም ነው። ወረቀትና መጽሐፍ በታጠበ፣ በደረቀ እጅ ቢያዝ ይሻላል፤ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ገጽ ይቀደዳል። ለፎቶና ለብረት ግን ጓንት ግድ ነው። የጣት ላብና ቅባት አሻራ ይተዋል።

«አሮጌውን አዲስ ያስመስሉታል»

የሚጥሩት እንዳይብስበት ነው። ብር በተወለወለ ቁጥር ከላዩ ትንሽ ይነሳል።

«የዕቃዬን ዋጋ ይነግሩኛል»

ዕቃ የሚቀበል ሰው ዋጋ ተማኝ ቢሆን ጥሩ አይሆንም። በ1946 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብም ሠራተኞች በቅርስ ንግድ እንዳይሳተፉ ይላል።

«ሁሉን ያውቃሉ»

ይህኛው ሙገሳ ቢመስልም ስህተት ነው። የቡድን ፎቶ ይዘው «ከግራ ሦስተኛዋ ማን ናት?» ብለው ጎብኚውን የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። አንድ አዛውንት ቆም ብለው «እህቴ እኮ ናት!» ካሉ የዚያ ቀን ሥራ ተሳካ ማለት ነው። ፎቶ ልትሰጡ ከሆነ ስሞቹን ከጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ ይተላለፋል።