ያረጀ ውሻ የመርሳት በሽታ ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ይውልና ሌሊት ይለቀቃል። ስለዚህ እርጅናው አእምሮው ላይ መድረሱን ብዙ ጊዜ የምናውቀው በሌሊቱ ነው። ለዓመታት በሩን ሲጠብቅ የኖረው ውሻ ምንም ሳይመጣ ሲያላዝን ያድራል፤ ጥግ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል፤ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይቆማል። ቀን ደግሞ ይተኛል፣ ልጆቹ ሲመጡ ጅራቱን አይቆላም፣ የማያደርገውን ቤት ውስጥ ይሸናል። ጎረቤት «ይህ ውሻ ሳያብድ አይቀርም» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን አላበደም፤ አእምሮው አርጅቷል።

በዚህ በሽታ በውሻው አንጎል ውስጥ ቤታ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ይከማቻል፤ በአልዛይመር በሽታ የሰው አንጎል ውስጥ የሚከማቸውም ይኸው ነው። የነርቭ ሴሎች እየሞቱ አንጎሉ ይኮማተራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከደረሱት ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ ምልክት እንዳሳዩ አረጋግጧል።

የጎረቤት ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። ልዩነቱ በፍጥነቱ ይታወቃል። የመርሳት በሽታ ውሻውን በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለውጠዋል፤ በእብደት የተያዘው ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን አይሞላም፣ ይሞታል። ጠባዩ በቀናት ውስጥ ከተለወጠ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም መንጋጋው ከወደቀ ለብቻው ተዘግቶበት ሐኪም ይጠራ። አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት እጅግ አደገኛ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻ አረጀ ተብሎም ክትባቱ አይቋረጥም።

እርጅና ነው ብሎ መደምደምም ለባለቤቱ ብቻ የሚተው አይደለም። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የዓይን ሞራ፣ የኩላሊት ድካም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ አንዳንዶቹም ይታከማሉ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርባት ከተማ ናት፤ የሚጠየቅ ባለሙያ አይጠፋም። አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ለሰው የተገዛ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞል ለውሻ አይሰጥ። ሕመሙን ለማስታገስ በፍቅር የተሰጠ ክኒን ጨጓራውን ሊያደማ፣ ኩላሊቱን ወይም ጉበቱን ሊያጠፋ ይችላል።

በሽታው መዳኛ የለውም። ሰሌጊሊን የሚባል መድኃኒት በአንዳንድ ውሾች ላይ ምልክቱን ያቃልላል፣ ይህም በሐኪም ትእዛዝ ነው። የቀረው የቤት ሥራ ነው። ሰንሰለቱ ይፈታለት፤ ግራ ገብቶት የሚዞር ውሻ በግንዱ ዙሪያ ራሱን ጠምጥሞ ውኃው ጋ መድረስ ያቅተዋል። ምግቡ፣ ውኃውና መኝታው ቦታቸው አይቀያየር። ሌሊት ትንሽ መብራት ይተውለት። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ በሐይቁ ዳር በዝግታ ቢሄድ ሌሊት የመተኛት ዕድሉ ይጨምራል። ዓይኑና ጆሮው ከደከሙ ልጆች ከኋላው መጥተው በድንገት እንዳይነኩት ይነገራቸው፤ ደንግጦ ሊናከስ ይችላል።

መብላት ሲተው፣ መነሳት ሲያቅተው፣ ቤተሰቡን ጨርሶ ሳያውቅ ሲቀር መንገድ ዳር ወስዶ መጣል ጭካኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀን እንስሳ ለጅብና ለመኪና መተው ነውና። ስቃዩ የማይቀንስ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ከፍተኛ መጠን ያለው የማደንዘዣ መድኃኒት በመርፌ ይሰጠዋል፤ ውሻው መጀመሪያ ራሱን ይስታል፣ ከዚያ ልቡ ይቆማል። ቤተሰቡ ከፈለገ አጠገቡ ሆኖ እየዳሰሰው ሊሸኘው ይችላል።