«ፓተንት አለበት» ማለት «እንዳትነካው» ማለት አይደለም

የጤፍ ነገር በተነሳ ቁጥር «ሆላንዶች እንጀራችንን ፓተንት አድርገውብናል፤ ሳናስፈቅድ መጋገር አንችልም» የሚል ሰው አይጠፋም። (ፓተንት ማለት ለፈጠራ ባለቤት ለተወሰነ ዓመት የሚሰጥ ብቸኛ የመጠቀም መብት ነው።) ሕግ የተማሩ ሰዎችም ሲሉት ይሰማል። ከስህተቱ በላይ የሚያናድደው ጥሎት የሚሄደው ፍርሃት ነው። ብረታ ብረት ቤት የከፈተው ወጣት፣ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህሩ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ «ባለቤት አለው» የተባለ ዕውቀት ሁሉ የተቆለፈ ይመስላቸዋል። አብዛኛው ግን ሊቆለፍ ቀርቶ በሩ አልተዘጋም፤ የገፋው ሰው የለም እንጂ። (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ጤፋችንን ወሰዱት»

ጤፍ ፓተንት አልሆነም። ኢፒ 1646287 የተባለው የአውሮፓ ፓተንት ማመልከቻው በ2004 ገብቶ በ2007 የተሰጠ ሲሆን የሚናገረው ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር ነው። የክርክሩ እምብርት «ፎሊንግ ነምበር» የሚባል መለኪያ ነው፦ ዱቄትና ውሃ ተበጥብጦ በፈላ ውሃ ሲሞቅ አንድ ዘንግ በሊጡ ውስጥ ወደ ታች እስኪወርድ የሚፈጀው ሰከንድ። ፓተንቱ እህሉ ሲፈጭ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 መሆን አለበት ይላል፤ ለዚያ ደግሞ እህሉን ከአጨዳ በኋላ አቆይቶ መፍጨት ይረዳል። እህልን ጎተራ አቆይቶ ማስፈጨት ፈጠራ ነው ብሎ ለኛ ገበሬ ማስረዳት ቀላል አይሆንም።

በኅዳር 2018 በሔግ የሚገኘው ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ ይጎድለዋል፣ ማለትም ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ነው ብሎ በኔዘርላንድስ ሽሮታል። ባይሻርም ኖሮ ሃያ ዓመቱ በ2024 ይሞላ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ለአንድ ቀንም አልጸናም፤ እንጀራ የመጋገር መብት የተነካበት ጊዜ የለም።

የተጎዳነው ሌላ ቦታ ነው፣ ውሉ ላይ። በ2005 ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዘረመል ሀብት እንዲጠቀም ሲፈቀድለት ጥቅም ለመጋራት ተስማምቶ ነበር። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ውሉን ወዳልፈረመ ድርጅት ተሻግሮ ቀጠለ። ውሉ «መብቱ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ግዴታውም አብሮ ይተላለፋል» የሚል ጠንካራ አንቀጽ፣ ኩባንያው ሲከስር ደግሞ ፈቃዱ ወዲያው የሚቋረጥበት መንገድ ያስፈልገው ነበር። የጤፍ ቁጭት ወደዚህ ቢዞር ለሚቀጥለው ውል ይጠቅማል።

በግንቦት 2024 በጄኔቫ የጸደቀው የዘረመል ሀብት ስምምነት «ከእንግዲህ ማንም አይወስድብንም» የሚያሰኝ አይደለም። አመልካቹ ሀብቱን ከየት አገር እንዳገኘው እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ያለፈውን አይመልስም።

«ዓለም አቀፍ ፓተንት አለው»

ይህ ነው ዋናው በሽታ። ዓለም አቀፍ ፓተንት የሚባል ነገር የለም። ፓተንት አገር አይሻገርም፤ በተሰጠበት አገር ብቻ ይሠራል። ሰዎችን የሚያሳስታቸው የሰነዱ ቁጥር «ደብሊውኦ» (WO) ብሎ ሲጀምር ማየታቸው ነው። እሱ ማመልከቻ እንጂ ፓተንት አይደለም። አመልካቹ በአብዛኛው በ30 ወር ውስጥ ወደየአገሩ ገብቶ፣ እዚያ ከፍሎና ተመርምሮ ካልተፈቀደለት ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከቁጥሩ ኋላ ያለችውንም ፊደል ተመልከቱ፦ «ኤ1» የታተመ ማመልከቻ ነው፣ «ቢ1» የተሰጠ ፓተንት። ኤ1 ይዞ «ተከለከልን» የሚል ሰው ገና ያልተፈረደ ክስ ይዞ ወህኒ እንደወረደ ነው።

አንድ የእርሻ መሣሪያ አምራች የትናንሽ እህሎች መውቂያ ሊሠራ ቢያስብ ማጣራቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኢስፓስኔት ወይም ፓተንትስኮፕ የሚባለውን የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጽ ይክፈት፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። «ጤፍ መውቂያ» ብሎ በቀጥታ መፈለግ ብዙ አያስገኝም። በእንግሊዝኛ ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ ይጻፍና በምድብ ይጣራ፤ የመውቂያ ምድብ ኤ01ኤፍ ነው፣ የቡናና የሻይ ኤ23ኤፍ። ሰነዱ ሲገኝ የፊተኛው ገጽ ላይ በቅንፍ የተቀመጡ ቁጥሮች አሉ፤ ቋንቋው ጃፓንኛም ቢሆን ቁጥሮቹ አይለወጡም። 22 ማመልከቻው የገባበት ቀን ነው፣ 54 ርዕሱ፣ 57 አጠቃሎው፣ 71 አመልካቹ፣ 72 ፈጣሪው። 22ቱ ላይ ሃያ ዓመት ይደመር። ካለፈ በአብዛኛው ነገሩ አለቀ፤ ፈጠራው የማንም ነው።

ካላለፈ «የፓተንት ቤተሰብ» የሚለው ዝርዝር ይታይ፦ ለያው ፈጠራ የት የት ማመልከቻ እንደገባ ይዘረዝራል። ቀጥሎ የሕግ ሁኔታው። ብዙ ፓተንት ሃያ ዓመቱን ሳይጨርስ ይሞታል፤ ዓመታዊ ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል፣ ገበያ ያላገኘለት ባለቤት መክፈሉን ይተዋል። የኢትዮጵያ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ የውጭ ማውጫዎች የኛን መዝገብ በሚገባ አይዙትምና ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በጽሑፍ ይጠየቅ። መልሱ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ባንክ ብድር ሲጠየቅ ይፈለጋል።

ፓተንቱ የሚጸና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ክሌሞቹ ይነበቡ። ብዙ ሰው አጠቃሎውን አንብቦ ይደነግጣል። አጠቃሎው መብት አይሰጥም፤ የመብቱን አጥር የሚያጥሩት ከሰነዱ መጨረሻ አካባቢ በቁጥር የተቀመጡት ክሌሞች ናቸው። ክሌም አንድ «ከበሮ፣ ወንፊት፣ ነፋሽ፣ እንዲሁም በከበሮና በወንፊቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያስተካክል ሞላ ያለው መውቂያ» ቢል ጥበቃው አራቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ነፋሽ የሌለው፣ ገለባው በመንሽ የሚለይበት ማሽን ከአጥሩ ውጭ ነው። ሞላውን አውጥቶ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር መግጠም ግን ብልጠት አይደለም፤ ፍርድ ቤት ያው ነው ሊል ይችላል።

በመጨረሻ ገበያው ይታሰብ። እዚህ ያልተመዘገበ ማሽን እዚህ ሠርቶ መሸጥ ይቻላል፤ ኬንያ ሲላክ ግን የኬንያ መዝገብ ይቆጠራል። ቁጥሩ «ኤፒ» ብሎ ከጀመረ በሐራሬ ያለው የአፍሪካ ቀጣናዊ ድርጅት የሰጠው ነው፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሱዳን ሊኖሩበት ስለሚችሉ የተጠቀሱት አገሮች ተለይተው ይታዩ። የንግድ ስምና ምልክት ደግሞ ራሱን የቻለ መብት ነው። ማሽኑን መሥራት ተፈቀደ ማለት የፋብሪካውን ስም መለጠፍ ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ ማኑዋሉን እንዳለ ገልብጦ ማሳተምም እንዲሁ።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ነገር አለ። ስለ ፈጠራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ውጭ አገር ፓተንት ላለው፣ ኢትዮጵያ ግን ላልተመዘገበ ፈጠራ «አስገቢ ፓተንት» የሚል መንገድ አለው። እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ ያስገባው ሰው ግን ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሥራ ላይ ማዋሉን ማሳየት አለበት። ይዞ ለሚተኛ አይሆንም። ያው አዋጅ ለሳይንሳዊ ምርምርና ሙከራ ብቻ የሚደረግ አጠቃቀምን የፓተንቱ ባለቤት እንዳይከለክል ያደርጋል። ስለዚህ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ለትምህርት አንድ ማሽን ፈትቶ መሥራት የሚያስፈራበት ምክንያት የለም።

«ሰነዱ ምስጢር ነው»

ተቃራኒው ነው። ማመልከቻ በአብዛኛው በ18 ወሩ ይታተማል። የመብቱ ዋጋ ዕውቀቱን ለሕዝብ መግለጥ ነው።

«እንግዲያው ስዕሉ ካለ ማሽኑ አለ»

እዚህ ላይ ደግሞ ረጋ ማለት ይገባል። የፓተንት ስዕል ልኬት የለውም፤ የየትኛውን ክፍል ሥራ ለማሳየት እንጂ ለመበየጃ ቤት የተሣለ አይደለም። የብረቱ ዓይነት፣ እሳት ያየበት ሙቀት፣ የመዘውሩ ፍጥነት ብዙ ጊዜ በሰፊ ክልል ይቀመጣል፤ «ከ400 እስከ 1200 ዙር በደቂቃ» የሚል ሰነድ የቱ ላይ ፍሬው እንደሚሰባበር አይነግርም። አምራቹ ሆን ብሎ ሰፊ አድርጎ ይጠይቃል፣ አጥሩ እንዲሰፋለት። ስለዚህ ለሙከራ የሚጣል ብረት በበጀት ይያዝ፤ በዝቅተኛው ዙር ይጀመርና የተሰባበረው ፍሬ በየደረጃው ይመዘን። ዕውቀት ተደራሽ ሆነ ማለት ክህሎት ተላለፈ ማለት አይደለም። የቴክኖሎጂ ሽግግር የሚሉ ዕቅዶች በአብዛኛው የሚወድቁት እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

«ድሃ አገር ስለሆንን ሕጉ አይመለከተንም»

በከፊል እውነት፣ በከፊል አደገኛ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት ስለ አእምሯዊ ንብረት ያለው የትሪፕስ ስምምነት በልማት ወደኋላ ለቀሩ አባል አገሮች እስከ ሐምሌ 1 ቀን 2034፣ ለመድኃኒት ፓተንት ደግሞ እስከ ጥር 1 ቀን 2033 (ሁለቱም በፈረንጅ ወር) ፋታ ሰጥቷል። ባንግላዴሽ የመድኃኒት ኢንዱስትሪዋን ያሳደገችው በዚህ ፋታ ተጠቅማ ነው። ችግሩ አዲስ ገቢ አገር ወደ ድርጅቱ ሲገባ ፋታውን ድርድር ላይ ሊያጣው መቻሉ ነው። ኔፓልና ካምቦዲያ በ2004 ሲገቡ ትሪፕስን ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ለመፈጸም ቃል ገብተዋል፤ ነባሮቹ አገሮች ያላቸው ጊዜ ለእነሱ አጠረ። ተደራዳሪ ሁሉ ከታሪፍ ሰንጠረዡ በፊት ይህችን አንቀጽ ማንበብ አለበት።

ስለ ቅጂ መብት በአጭር በአጭሩ

«ሥራዬን ስላላስመዘገብኩ መብት የለኝም።» አለህ። በአዋጅ 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነና በጽሑፍም ሆነ በሌላ መንገድ ግዙፍነት ያገኘ ሥራ ያለ ምዝገባ ይጠበቃል።

«ሐሳቤን ሰረቀኝ።» ሐሳብ፣ ዘዴ፣ ቀመርና ደረቅ መረጃ በቅጂ መብት አይጠበቁም፤ አገላለጹ ነው የሚጠበቀው።

«አዋጅ ለማባዛት ፈቃድ ያስፈልጋል።» አያስፈልግም፤ ሕጎችና ይፋዊ ትርጉሞቻቸው ከጥበቃ ውጭ ናቸው።

«ለትምህርት ከሆነ ሁሉም ይፈቀዳል።» አይፈቀድም። ለማስተማር ማባዛት የሚቻለው ለዓላማው በሚመጥን መጠንና ደራሲውና ምንጩ ተጠቅሶ ነው። ከመጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ለክፍል ማባዛት አንድ ነገር ነው፤ ሙሉውን ጠርዞ ግቢ በር ላይ መሸጥ ሌላ።

«ለዓይነ ስውራን ለመቀየር ደራሲውን ማስፈቀድ አለብን»

የ2013ቱ የማራኬሽ ስምምነት የተፈረመው ይህ አባባል እንዲቀር ነው። ኢትዮጵያም በ2020 ተቀብላዋለች። ስምምነቱ ለትርፍ የማይሠራ የትምህርት ተቋም ወይም ቤተ መጻሕፍት በሕጋዊ መንገድ ያገኘውን መጽሐፍ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ወደ ብሬል፣ ድምፅ ወይም ዲጂታል ጽሑፍ እንዲቀይር የሚያስችል ነው፤ ይዘቱን ሳይለውጥና ተጠቃሚው ብቻ እንዲያገኘው አድርጎ። ተጠቃሚ ማለት ማየት የተሳነው ብቻ አይደለም፤ ጽሑፍ ማንበብ የሚያስቸግረው፣ መጽሐፍ ይዞ መግለጥ የማይችልም ይገባበታል። በሌላ አባል አገር የተዘጋጀ ቅጂንም ማስመጣት ይቻላል።

እውነተኛው እንቅፋት ከሕግ ይልቅ ፊደል ነው። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ቁጥር ወደሚያውቁበት ሥርዓት፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተተየቡ መጻሕፍት የላቲን ፊደል ላይ የአማርኛ መልክ የለበሱ ናቸው፤ ለዓይን አማርኛ ሆነው ለኮምፒዩተር ትርጉም የለሽ ኮተት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ቀድቶ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ። የወጣው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ከሆነ የስክሪን አንባቢውም (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) የሚያነበው ያንኑ ነው። ያኔ አሳታሚው ዘንድ ዋናው ፋይል ካለ በዚያው ፎንት መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይዞራል። ከሌለ በ300 ዲፒአይ ስካን ተደርጎ ቴሰራክት በተባለው፣ ከምስል ላይ ጽሑፍ በሚያወጣ ፕሮግራም በአማርኛ ሞዴል ይነበባል።

ከዚያ እርማት ነው፣ ጊዜ የሚበላውም እሱ። ማሽኑ «ፕ» እና «ኘ»ን ያምታታል፤ «ፕሮጀክት» «ኘሮጀክት» ሆኖ ይወጣል፣ ማንበቢያውም እንደተጻፈው ይጠራዋል። በመስመር መጨረሻ የተቆረጠ ቃል ሁለት ቃል ሆኖ ይቀራል። ምዕራፎቹ በደማቅ ፊደል ብቻ ከተተዉ አድማጩ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ መዝለል አይችልም፤ በርዕስ ስታይል ምልክት ይደረግባቸው። ፋይሉ ከመሰጠቱ በፊት ኤንቪዲኤ በተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ አንድ ሙሉ ገጽ ዓይን ጨፍኖ ይደመጥ። ግራ ያጋባው ቃል ከተገኘ ያ ቃል በመጽሐፉ ሁሉ ይፈለግ፤ ማሽን አንድ ቦታ የተሳሳተውን በሌላውም ገጽ ይደግመዋል።