«ፊደሉንማ ያውቃል!» የንባብ አስጠኚ በየቀኑ የሚሰማቸው ስህተቶች

ማንበብና መጻፍ የከበዳቸውን ልጆች አስጠናለሁ። ወላጆች ገና በር ላይ የሚነግሩኝ ነገር ይመሳሰላል።

«ፊደሉንማ በደንብ ያውቃል።» ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ዜማውን ነው። አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ፤ «ሞ» ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«መ» ይነሳና «ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ» እያለ እስኪደርስበት እጠብቀዋለሁ። በየፊደሉ እንዲህ የሚጓዝ ልጅ መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መነሻው ጠፍቶበታል። የቄስ ትምህርት ቤት ለዚህ መላ አለው፤ ከ«ሀ ሁ» በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ» ያስቆጥራል። ረድፉ ሲዘበራረቅ በዜማ ማምለጥ የለም።

«ሰነፍ ነው እንጂ ሒሳብማ ይችላል።» ሒሳብ ከቻለ ስንፍናው የት አለ? እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን በ1896 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ስለ እንዲህ ያለ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ሒሳብ ይሠራል፣ የገዛ ስሙን ግን ፊደል አዘዋውሮ ይጽፋል። መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ከትምህርት ቤቱ የሚቀድመው እንደሌለ መስክሮለታል። ዛሬ ዲስሌክሲያ የምንለው ይህንን ነው።

«ዓይኑ ፊደል ይገለብጥበታል።» ዓይኑን አስመርምሩት፣ ክፋት የለውም። ባለቀለም መነጽር ግን አትግዙ፤ የአሜሪካ የሕፃናትና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለዚህ ችግር እንደማይበጅ በጋራ ተናግረዋል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን በድምፅ መከፋፈል ላይ ነው። እኔ ጠጠር እጠቀማለሁ። «በሬ» ስል ሁለት ጠጠር ያስቀምጣል፤ ሁለተኛውን አንስቼ «በራ» ብዬ እተካለሁ፣ ቀጥሎ «በር»። ምን እንደተለወጠ በቃሉ ከነገረኝ በኋላ ነው እርሳስ የሚይዘው።

«ቃል ጽሕፈት ላይ ይሳሳታል።» እንዴት ነው የሚሳሳተው? ትምህርትን «ትምርት» ብሎ የጻፈ ልጅ የሰማውን ነው የጻፈው፤ ጆሮው ደህና ነው። «ሠ» እና «ሰ»ን ማምታታትም የሁላችን ጣጣ ነው፣ ጋዜጠኛውም ያምታታል። ደብተርን «ደተብር» ካለ ግን ቁጭ ብለን መሥራት አለብን። ሁለቱን በአንድ ቀይ እስክሪብቶ ማረም ለልጁ ምንም አይነግረውም።

«ሃምሳ ጊዜ ይገልብጠው።» እጁ ይደክማል። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ያልጸናውን እየደገሙ፣ አዲሱን በትንሽ በትንሹ።

ሁለት ቋንቋ መማሩም ችግሩን አያመጣም። በእንግሊዝኛ ብሶ የሚታየው የእንግሊዝኛ አጻጻፍና አነባበብ ስለማይገጥሙ ነው።

«ሲያድግ ይተወዋል።» በራሱ ጊዜ አይተወውም። የ«ሞ»ው ልጅ አሁን ስድስተኛ ክፍል ነው። ያነባል፣ ግን ቀስ ብሎ። እናቱ ፈተና በደረሰ ቁጥር ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጡት ትጠይቃለች፤ አንዳንዱ መምህር ይሰጠዋል።