ቨርቴክስ ፎርም ምንድን ነው? የወንጭፍ ድንጋይ መንገድ በቀመር

በጥቅምት የቆቦ ሜዳ ማሽላ ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ይወርድበታል፤ ጠባቂውም ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፉን ያሽከረክራል። የተለቀቀው ድንጋይ ሽቅብ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ይደርሳል፣ ጎብጦ ይወርዳል። ይህ ጎባጣ መንገድ ፓራቦላ ነው። ቨርቴክስ የሚባለው አናቱ ሲሆን፣ ቨርቴክስ ፎርም ደግሞ የኳድራቲኩን (ትልቁ ፓወር 2 የሆነውን) ቀመር ከአናቱ ተነስቶ መጻፍ ነው፦

ቁ = ሀ(ር − መ)² + ከ

ር ከማማው ያለው አግድም ርቀት፣ ቁ ከመሬት ያለው ቁመት ነው። መ እና ከ (ክፍል ውስጥ ኤች እና ኬ የምንላቸው) አናቱ የት እንዳለና ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይናገራሉ። ሀ የጉብጠቱን ልክ ይወስናል፤ መንገዱ ወደ ታች ስለሚጎብጥ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው።

ድንጋዩ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ተለቀቀ፤ 20 ሜትር ርቆ 9 ሜትር አናት ላይ ደረሰ እንበል። መ 20፣ ከ 9 ሆኑ። ሀን ለማግኘት መነሻውን እንተካለን፦ 4 = ሀ(0 − 20)² + 9። ስለዚህ 400ሀ = −5፣ ሀ = −0.0125።

መሬት የሚነካው ቁ 0 ሲሆን ነው፦ (ር − 20)² = 9 ÷ 0.0125 = 720፤ ር = 20 + √720 = 20 + 26.8 = 46.8 ሜትር። ሌላው መልስ፣ −6.8፣ ከማማው ጀርባ ስለሆነ ይጣላል። ወፉ ግን መሬት ላይ አይደለም፣ ዛላው ላይ ነው። ማሽላው 2 ሜትር ከሆነ ቁን 2 አድርጉ፤ ርቀቱ ወደ 43.7 ይወርዳል።

ብዙ ተማሪ 20ን እጥፍ አድርጎ «40 ሜትር ላይ ይወድቃል» ይላል። 40 ላይ ድንጋዩ ገና 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እጥፉ የሚሠራው መነሻና መድረሻ እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። ቅንፉ ውስጥ (ር + 20) ብሎ የጻፈ ደግሞ አናቱን ከጠባቂው ኋላ አስቀምጦታል።

ቅንፉ ሲፈታ −0.0125ር² + 0.5ር + 4 ይመጣል። እዚህ መነሻው 4 ፊት ለፊት ይታያል፣ አናቱ ግን ተደብቋል።

በር ፈንታ ጊዜ በሴኮንድ ከገባ ሀ ሌላ ነው፦ በማንኛውም ውርወራ −4.9 ገደማ፣ የመሬት ስበት ግማሽ። −0.0125ን እዚያ መክተት ትልቅ ስህተት ነው። ቀመሩ አየርንም አይቆጥርም፤ እውነተኛው ድንጋይ ትንሽ ቀደም ብሎ ይወድቃል፣ አወራረዱም ከአወጣጡ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው።