ርካሽ የውሃ መሰንጠቂያ ካታሊስት ምንድን ነው?

መጀመሪያ አንድ የቋንቋ ጣጣ እንጨርስ። በአማርኛ «ብረት» ስንል አንዳንዴ ማንኛውንም ሜታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያንን ዝገት የሚወደውን አንዱን ንጥረ ነገር ማለታችን ነው። እዚህ ብረት ስል ዝገት የሚወደውን ነው። በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ቦታ ስላለው እንዳይምታታ ብዬ ነው።

ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መለያየት አዲስ ነገር አይደለም። ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1800 አድርገውታል፤ የመጀመሪያው ባትሪ ወሬ ገና በተሰማበት ዓመት። ችግሩ የሚበላው ኃይል ነው። በስሌት ከሆነ 1.23 ቮልት ይበቃል። 1.23 ቮልት ሰጥታችሁ ብትጠብቁ ግን የረባ አረፋ አታዩም። ጋዙ በደንብ እንዲወጣ ተጨማሪ ቮልቴጅ ያስፈልጋል፤ ያ ትርፍ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ካታሊስት የሚባለው ይህን ትርፍ የሚቀንስልን ነገር ነው። ኤሌክትሮዱ ላይ (ውሃው ውስጥ ገብተው ኤሌክትሪኩን ከሚያደርሱት፣ በአንዱ ሃይድሮጅን በሌላው ኦክስጅን ከሚወጣባቸው ሁለት ዘንጎች አንዱ ላይ) ይለጠፋል፣ ኬሚካላዊ ለውጡን ያፋጥናል፣ ራሱ ግን አያልቅም። 1.23ቱን አይነካትም። «ያለ ምንም ኃይል ውሃ የሚሰነጥቅ ካታሊስት» የሚል ነገር ካያችሁ እለፉት።

ጥሩ ካታሊስት የሃይድሮጅንን አቶም ያዝ አድርጎ መልቀቅ ይችላል። አጥብቆ ከያዘ ቦታው ይዘጋል። ካላላ ደግሞ አቶሙ ሥራው ሳያልቅ ያመልጣል። ፕላቲኒየም መሃሉን ያገኘ ነው። በኦክስጅን በኩል ያለው ሥራ ከዚህ በጣም ይከብዳል፤ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል እስኪወጣ 4 ኤሌክትሮኖች መነሳት አለባቸው። እዚያ፣ አሲድ ውስጥ፣ ሠርቶም ችሎም የሚቆየው ኢሪዲየም ነው። የኢሪዲየም የዓመት ምርት ግን በመላው ዓለም 7 ወይም 8 ቶን ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፕላቲኒየም ሲወጣ አብሮ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ፈላጊ በዛ ተብሎ ለብቻው አይቆፈርም።

እነዚህን የከበሩ ማዕድናት በኒኬል፣ በብረት፣ በኮባልት ወይም በሞሊብዲነም መተካት ይቻላል ወይ? እንደ ፈሳሹ ነው። አልካላይን በሆነ፣ ማለትም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በሟሟበት ውሃ ውስጥ፣ ኒኬል ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገለግል ኖሯል። እነዚህ ማሽኖች ግን ግዙፍ ናቸው። እንደ ፀሐይና ነፋስ ከፍ ዝቅ ለሚል ኃይልም ቶሎ አይታዘዙም። አሲዳማ ሜምብሬን፣ ማለትም ስስ ሽፋን፣ ያላቸው ማሽኖች ጠበብ ያሉና ቀልጣፋ ናቸው። እዚያ ደግሞ አሲዱ ኒኬልንም ብረትንም እያሟሟ ይበላቸዋል። አሁን ብዙ ተስፋ የተጣለበት የሁለቱ ድቅል ነው፤ ሜምብሬን ያለው፣ ግን አልካላይን የሆነ። ኒኬል በሰላም ይሠራበታል። የሚያስቸግረው የሜምብሬኑ ዕድሜ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔ የምወደው የብረትን ታሪክ ነው። አልካላይን ውስጥ ኦክስጅን ሲወጣ ለረጅም ጊዜ ምስጋናውን የሚወስደው ኒኬል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ዴኒስ ኮሪጋን የተባለ ተመራማሪ ፈሳሹ ውስጥ በቆሻሻ መልክ የገባ እጅግ ጥቂት ብረት የኒኬልን ሥራ በጣም እንደሚያፋጥን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈሳሹን ከብረት ሲያጸዱት ኒኬል ለብቻው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ለካ ሥራውን የያዘው ያ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባይ ብረት ነው! ዛሬ ሁለቱን አውቆ መቀላቀል የተለመደ ሆኗል።

በሃይድሮጅን በኩል ሞሊብዲነም ሰልፋይድ አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በማሽን ማለስለሻነቱ ነው። እንደ ወረቀት በንብርብር የተሠራ ሲሆን የወረቀቱ ፊት ምንም አይፈይድም፤ የሚሠራው ጠርዙ ብቻ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2007 በሙከራ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ የብዙዎች ጥረት ጠርዝ ማብዛት ሆነ። አሲድንም ይችላል። እንግዲህ እስካሁን ያልተደፈረው ወንበር የኢሪዲየም ነው፤ አሲድ ውስጥ፣ በኦክስጅን በኩል።

ቅጠል ይህን የኦክስጅን ሥራ በማንጋኒዝና በካልሲየም ይሠራዋል። ያስቀናል። ቅጠል ግን የተጎዳውን ክፍል እዚያው እየጠገነ ነው የሚኖረው። ማሽን እንዲህ ያለ ጠጋኝ የለውም።

ለዚህ ነው «ርካሽ ካታሊስት ተገኘ» የሚል ዜና ሳነብ መጀመሪያ ስንት ሰዓት ሳይበላሽ እንደሠራ የምፈልገው። ፋብሪካ የሚፈልገው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ነው። ቀጥሎ ከረንቱን አያለሁ። ብዙ የላብራቶሪ ውጤት የሚነገረው በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊአምፒር ላይ ነው። ባለ አሲድ ሜምብሬን ማሽን ግን በ1 ወይም በ2 አምፒር ይሠራል፤ 100 እና 200 እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚያ ደግሞ ማዶ ያለው ኤሌክትሮድ ከምን እንደተሠራ አያለሁ። ፕላቲኒየም ከሆነ ቀስ በቀስ እየሟሟ መጥቶ ርካሹ ካታሊስት ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ያኔ ውጤቱ ያምራል። ሥራውን የሠራው ግን ያው ፕላቲኒየም ነው።